ጋላጋ፣ አስተሮይድስ ወይስ ስፔስ ኢንቬደርስ? የትኛውን ልግዛ?

የድሮ ዓይነት የጠፈር ተኩስ ጌም ለመግዛት አስባችሁ በእነዚህ ሦስት ስሞች መካከል ከተቸገራችሁ፣ የምስሉን ጥራት እርሱት። ሦስቱም ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው መጫወቻውን ስትይዙ ነው።

ስፔስ ኢንቬደርስን ቶሎ ልጨርሰው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ሠርቶት፣ ታይቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጌም ነው። 55 ጠላቶች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ወዲያ ወዲህ እያሉ ይወርዳሉ። እናንተ ከታች ሆናችሁ አንድ አንድ ጥይት ትተኩሳላችሁ። ጠላት ባነሰ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። ይህ ታስቦበት የመጣ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ፕሮሰሰር የሚስለው ነገር ሲቀልለት ስለሚፈጥን ነው። የመጨረሻው ጠላት ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ በእርግጥ ልብ ያንጠለጥላል። ከጥቂት ዙር በኋላ ግን አዲስ ነገር አይመጣም። ጌም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ጋላጋ ሌላ ነው። ናምኮ በ1981 ያወጣው ሲሆን፣ እዚህ ጠላት ዝም ብሎ አይወርድም። እየተጠማዘዘ ገብቶ ይሰለፋል፣ ከዚያ ከሰልፉ እየወጣ ይወረወርባችኋል። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ ሊኖራችሁ የሚችለው ሁለት ጥይት ብቻ ነው። ሁለቱንም ከሳታችሁ ጥይቶቹ ከስክሪኑ እስኪወጡ ባዶ እጃችሁን ትቆያላችሁ። ስለዚህ ቁልፉን ዝም ብሎ መቀጥቀጥ አያዋጣም፤ ማነጣጠር ግድ ነው።

ጋላጋን የምወድበት ትልቁ ምክንያት ግን ምርኮው ነው። አረንጓዴው አለቃ ወረድ ብሎ ይቆምና ጨረር ይለቃል። ጨረሩ ካገኛት መርከባችሁ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትሳባለች፣ ቀይ ሆና አለቃው ዘንድ ትቆማለች። አንድ ህይወት ሄደ። አሁን አለቃው እሷን ይዞ ሲወርድ ጠብቃችሁ እሱን ብቻ ከመታችሁት ትመለስላችኋለች። ከመርከባችሁ ጎን ትገጥምና ጥንድ ጥንድ እየተኮሳችሁ ትቀጥላላችሁ። እጃችሁ ትንሽ ከሳተ የራሳችሁን መርከብ ታወድማላችሁ። ጥንዷ መርከብ ደግሞ ጎኗ ሰፊ ስለሆነ ለጠላት ጥይት ትጋለጣለች። እኔ ገና ከመጀመሪያው አንዷን ሆን ብዬ አስማርካለሁ። የቀረችው አንዲት ብቻ ከሆነች ግን እንዳትሞክሩት፤ ከተማረከች ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

በሦስተኛው ደረጃ፣ ከዚያም በየአራት ደረጃው፣ ጠላት የማይተኩስበት የፈተና ዙር ይመጣል። 40ዎቹንም ከመታችሁ 10,000 ነጥብ ይሰጣችኋል። 39 መትቶ አንዷን መሳት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

የአታሪው አስተሮይድስ (1979) ሰልፍ የለውም። መርከቧ መሃል ላይ ናት፣ ድንጋዩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ትልቁን ስትመቱት ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪውም እንደገና ይሰነጠቃል። ፈተናው አነዳዱ ነው። ገፍታችሁ ብትለቁም መርከቧ መንሸራተቷን ትቀጥላለች፤ ቶሎ ለማቆም አፍንጫዋን አዙሮ በተቃራኒው መግፋት ያስፈልጋል። በቀኝ የወጣች በግራ ትገባለች። መጀመሪያ ቀን ከድንጋዩ ይልቅ የራሳችሁ ፍጥነት ይገድላችኋል። ሲገባችሁ ግን በሁለት ድንጋይ መካከል እየተንሸራተቱ ወደ ኋላ መተኮስን የመሰለ ደስታ የለም። ትዕግስት ካላችሁ ይህን ውሰዱ።

የእኔ ምርጫ ጋላጋ ነው፤ በተለይ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ።

ለኒንቴንዶ ስዊች በ2017 የወጣው ናምኮ ሙዚየም ጋላጋን ከሌሎች የድሮ ጌሞች ጋር ይዟል። አስተሮይድስን የሚፈልግ በ2022 የወጣውን አታሪ 50 የተባለ የጌም ስብስብ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር አለ፣ የጌሞቹንም ታሪክ በቃለ መጠይቅ ያሳያል። ጋላጋና ስፔስ ኢንቬደርስ የተሠሩት ለቁመታም ስክሪን ስለሆነ ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። ይህ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ስክሪኑን በቁመት አዙሮ ማጫወት የሚፈቅድ ቅጂ ፈልጉ።