ፒኤስኤ እና ሄር-2፦ ወሬ ነጋሪው እና ኢላማው

ቅዳሜ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አሳ እየበላን አጎቴ አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «እስቲ አንተ የተማርከው፣ ፒኤስኤ ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው?»

የግድ አይደለም ጋሼ። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች እጢ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው፤ ጥቂቱ ወደ ደም ያፈተልካል። በካንሰር ይጨምራል። ግን በኢንፌክሽንም፣ ከዕድሜ ጋር በሚመጣ የእጢ መተለቅም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ወሰን በሚሊሊትር 4 ናኖግራም ነው። ከዚያ በታች ሆኖ የታመመ አለ፣ በላይ ሆኖ ጤነኛም አለ። ወሬ ነጋሪ ነው፣ ያውም አንዳንዴ የሚያጋንን።

ከካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳው ሌላው ፕሮቲን፣ ሄር-2፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የሴሉ ገጽ ላይ ተተክሎ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከልክ በላይ ይበዛል። ለመለካት ደም አይበቃም፤ ከካንሰሩ እብጠት ናሙና ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ከ0 እስከ 3+ ነጥብ ይሰጠዋል። 2+ ከሆነ ሌላ ማጣሪያ ይከተላል። ጣጣው ብዙ ነው። ጥቅሙ ግን! በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እዚያው ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ትእዛዙን ያፍናል። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ለርካሽ የደም ምርመራ ፒኤስኤ ይሻላል። መድኃኒት ለሚፈልግ ተመራማሪ ግን እኔ ያለ ማመንታት ሄር-2ን ነው የምመርጠው።

አጎቴ ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «ሰኞ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። በል ሎሚውን አቀብለኝ።»