ሊግ ፓስን ሲዝኑን ሙሉ አየሁበት፣ ስለ ሴንተሮች ዲፌንስ የነበረኝን ሐሳብ አስቀየረኝ

ኤንቢኤ ሊግ ፓስ፣ ማለትም የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚያሳየው አገልግሎት፣ ይገዛል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ይኸው። አዎ ይገዛል። በተለይ አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ትልቁ ጥቅሙ ላይቩ ሳይሆን ሪፕሌዩ ነው፣ ኒውዮርክ ማታ የሚጀመር ጨዋታ እኮ እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ዴንቨር ከሆነማ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ያለው ሰው አይችለውም። ሙሉ ጨዋታው ግን ይቀመጥላችኋል፣ ስኮሩንም መደበቅ ስለሚቻል ማታ ቤት ገብታችሁ ውጤት ሳታውቁ ልክ እንደ ላይቭ ታዩታላችሁ።

እኔን የጠቀመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ድሮ ሃይላይት ብቻ ነበር የማየው፣ ያኔ እንደ ካርል አንቶኒ ታውንስ ያለ ሴንተር (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ሰው) የለም ባይ ነበርኩ፣ 2022 ላይ የሶስት ነጥብ ውድድሩን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሴንተር እኮ ነው፣ ሰው ዲፌንስ (መከላከል) ላይ ሰነፍ ነው እያለ ሲያማው በጣም ያናድደኝ ነበር። ሙሉ ጨዋታ ማየት ስጀምር ነው የገባኝ። 2025 የምስራቅ ፋይናል ላይ ኢንዲያና ታውንስ የሚጫወትበትን ኒውዮርክን 4 ለ 2 ሲያሰናብት ታውንስን እየፈለጉ ነበር ፒክ ኤንድ ሮል ውስጥ የሚያስገቡት። እሱ የሚይዘው ሰው ሄዶ ስክሪን ያደርጋል፣ ማለትም ቆሞ የኳስ ያዡን ተከላካይ መንገድ ይዘጋል፣ የኢንዲያናው ኳስ አቀናባሪ ሃሊበርተን ኳሱን ይዞ ይመጣበታል፣ በቃ ግማሽ ሰከንድ እንኳን በማትሞላ ጊዜ ልውጣበት ወይስ ቀለበቱ ስር ልቅር የሚለውን መወሰን አለበት። ከወጣ ከኋላው ይገቡበታል፣ ከቀረ ይተኩሱበታል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ኦፌንስ (ማጥቃት) ላይ ኳሱ እጁ ላይ ነው፣ መቼ እንደሚዞር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዲፌንስ ላይ ግን ሌላ ሰው ወስኖ የጀመረውን ነገር ተከትሎ መድረስ ነው፣ ከ2 ሜትር ከ10 በላይ የሆነ ሰው ወገቡን አዙሮ ወደ ኋላ እስኪሮጥ ኳስ የያዘው ፈጣኑ ጋርድ አልፎታል።

የዴንቨሩን ሴንተር ዮኪችን እዩት። 2021፣ 2022 እና 2024 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ 2023 ዴንቨርን ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ጭንቅላቱ ዲፌንስ ላይም ይሠራል፣ እጁ ፈጣን ነው ኳስ ይነጥቃል፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይሰበስባል። ግን ከመሬት ብዙ አይነሳም። ቀለበቱ ስር የገባን ሰው የሚያስፈራው ዝላይና የክንድ ርዝመት ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ አይመጣም። ለዛ ነው ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ድረስ ወጥቶ እንዲይዝ የሚያደርጉት፣ የቀሩት ከኋላው እየሮጡ ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ሌላው ሴንተር ሳቦኒስም እንደዛው ነው፣ 2023፣ 2024፣ 2025 ሦስቱንም ዓመት ሊጉን በሪባውንድ መርቶ ብሎክ (የተተኮሰ ኳስ ማገድ) ሲወራ ስሙ አይነሳም። በጣም ረጅሙ ሴንተር ዌምባንያማ ግን ቢሳሳት እንኳን ክንዱ ይደርስለታል።

ስለዚህ እነዚህ ሴንተሮች ዲፌንስ ላይ የሚቸገሩት ከስንፍና ነው የሚለውን ነገር አልቀበልም። ድካሙ አለ፣ ኦፌንሱ ሁሉ በሱ በኩል የሚያልፍ ሰው 6 ፋውል ሞልቶበት እንዳይወጣ እጁን ይሰበስባል፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሰው ሳይዙ ቀለበቱ ስር ካለችው ሳጥን ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆሞ መጠበቅ አይቻልም። የሚኒሶታው ሴንተር ጎቤር ራሱ፣ 4 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የተባለው፣ 2024 የምዕራብ ፋይናል ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ያኔ ለዳላስ የሚጫወተው ሉካ ዶንቺች ከቀለበቱ ርቆ ብቻውን አግኝቶት ማሸነፊያዋን ሦስት ነጥብ በላዩ ላይ አገባበት። ታውንስም ወደ ኒውዮርክ ከመሄዱ በፊት፣ ጎቤር አጠገቡ እያለ፣ ሚኒሶታ 2023-24 ላይ በዲፌንስ ከሊጉ አንደኛ ነበረች፣ ሰውዬው ያው ነው፣ ቀለበቱን የሚጠብቅለት ሰው ስለነበረ ነው።

ከአገልግሎቱ ደስ የማይለኝ አሥር ደቂቃ የምትሆነው አጭሯ ጨዋታ ናት። ሩጫ ላላችሁ ትመቻለች ግን ጎሉን እንጂ ጎሉ ለምን እንደተቆጠረ አታሳይም፣ እነዚህ ሴንተሮች ሁሉ እሷ ላይ እንከን የላቸውም። ሙሉው ላይም ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል እየመለሳችሁ ማየት አለባችሁ። ከገዛችሁት ዴንቨርና ሚኒሶታ የተገናኙበትን አንዱን ክፈቱና አንድ ሩብ ሙሉ ኳሱን ትታችሁ ዮኪችና ጎቤርን ብቻ ተከተሉ።