ጅማ ላይ የድርጅት መዝገብ ቤት ገብታችሁ ጥናት ለምትሰሩ፦ ከ5 ኮከብ 3.5

የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ በቡና ንግድ የቆየ የግል ድርጅት ነው፣ ጅማ ላይ ታሪክ የሚያጠና ሰው የትኛውን እንደምል ይገባዋል። መዝገብ ቤታቸውን ለውጭ አጥኚ መክፈታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የመረጃ ነፃነት አዋጁ (590/2000) የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን እንጂ የግል ድርጅትን አይደለም፣ አናስገባም ቢሉ የት ሄደን እንከሳለን?

ዕቃው ግን ወርቅ ነው። የ1950ዎቹ የግዢ ሌጀሮች አሉ፣ ቡናው በፈረሱላ ተጽፎ (አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው) ጎኑ ላይ የሻጩ ስም፣ ፊርማ የማይችለው ደግሞ በሐምራዊ ቀለም አውራ ጣቱን ያተመበት፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ አሻራው ከጽሑፉ በልጦ ይታያል። የጣልያንኛና የአረብኛ ደብዳቤም ጣል ጣል ብሎ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ጋሼ ደግሞ ከካታሎጉ ይበልጣሉ። ካታሎግ ስል ያው በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር ነው። እኔ በዓመት እየፈለግኩ ስደክም አይተው «ልጄ በዓመተ ምህረት አትፈልጊ፣ በየመጋዘኑ ተለይቶ ነው የተቀመጠው» አሉኝ፣ ከዛ በኋላ ሥራው ተፈታ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ምን እንደሚሆን እንጃ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ማንም የጻፈው የለም።

ለመግባት ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ፣ የፕሮፖዛል አጭር መግለጫ፣ መታወቂያ ያስፈልጋል፣ በኢሜይል ብትልኩ ማንም አያየውም፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሥራ አስኪያጁ ካልፈረመ አይሆንም፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያው ስብሰባ ነው 😅። ቦርሳ በር ላይ፣ እስክሪብቶ የለም እርሳስ ብቻ፣ አንዴ አንድ ዶሴ። ይሄ ሁሉ ትክክል ነው አልከራከርም።

አሁን ቅሬታዬ። ዝግ የሆነው ዶሴ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ትጠይቃላችሁ፣ «ወጥቷል» ይባላል፣ ትመለሳላችሁ፣ አሁንም «ወጥቷል»፣ በኋላ ሲገባኝ ያልወጣ ነገር ነው፣ የተከለከለ ነው። የሠራተኞች የግል ማህደር ቢሆን ይገባኛል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) እያለ የሰው ደሞዝና የጤና ወረቀት ለማንም አይዘረጋም፣ ቢያመጡልኝም አልነካውም። የፍርድ ቤት ክርክር ዶሴንም መዝጋት መብታቸው ነው። ግን ዝርዝሩ ላይ «ዝግ» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? እኔም ያንን ትቼ ሌላ ምዕራፍ እሠራ ነበር እኮ።

የምትፈርሙትን ፎርም ደግሞ ደህና አድርጋችሁ አንብቡ። ከመታተሙ በፊት ድርጅቱ ያየዋል የሚል አንቀጽ አለ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ግን የለም፣ ምን ማስወጣት እንደሚችልም የለም። የሰው ስምና የግል መረጃ ካለ ያውጣ፣ መደምደሚያዬን ግን ሊያርም አይችልም። እኔ ስፈርም «በ30 ቀን መልስ ካልተሰጠ እንደተስማሙ ይቆጠራል» የሚል በእጅ አስጨምሬ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ብሎ ፈረመበት፣ ስለዚህ ጠይቁ፣ ይቻላል።

ስልክ ማስገባት የተከለከለው አንድ አጥኚ የሌጀር ገጽ ከነሰው ስሙ ቴሌግራም ላይ ስለለቀቀ ነው ይባላል፣ የአንዱ ጥፋት ለሁላችንም ተረፈ። በምትኩ ራሳቸው ስካን አድርገው በገጽ ያስከፍላሉ፣ ዋጋው አያናድድም፣ መብራት ከጠፋ ግን ስካን የለም፣ በእጅ መገልበጥ ነው። መብራት ደግሞ ጅማ ላይ ታውቁታላችሁ።

አርብ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ግቡ፣ ለጁምዓ ከ5:30 ጀምሮ ዘግተው ይወጣሉ፣ ከሰዓት ሲመለሱ ደግሞ ብዙም ዶሴ አይወጣም።