ታይምስ ኮምፕሪሄንሲቭ የዓለም አትላስ፣ 15ኛ እትም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን አትላስ ከመግዛት በፊት ጠረጴዛ ማሰናዳት ይበጃል። ቁመቱ 46 ሴ.ሜ ገደማ፣ ክብደቱ ከ5 ኪሎ በላይ ነው፤ ሲገለጥ ወደ ጎን ከ60 ሴ.ሜ ይበልጣል። መደርደሪያ ላይ አቁመው ካስቀመጡት የወረቀቱ ክብደት ወደ ታች እየሳበ ጥራዙን ከሽፋኑ ያላቅቃል፤ ስለዚህ ይጋደም። ሳሎን ውስጥ ተገልጦ ሲውል ሁሉም ያየዋል፤ ወደ ማቀፊያ ሣጥኑ ከተመለሰ ግን ለሳምንታት የሚነካው የለም።

ለምርጫ ወሳኙ የገጽ ብዛት ሳይሆን የሚፈልጉት አገር የተሳለበት ስኬል ነው። በ1፡5,000,000 አንድ ሴንቲሜትር 50 ኪ.ሜ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 320 ኪ.ሜ ገደማ ስለሆነ ካርታው ላይ 6.4 ሴ.ሜ ይሆናል፤ በ1፡2,500,000 ደግሞ እጥፉ። የአውሮፓ አትላሶች አውሮፓን አስፍተው፣ አፍሪካን አጥብበው የመሳል ልማድ አላቸው፤ መጀመሪያ የአፍሪካ ቀንድን ገጽ ይግለጡ። የመንገድ ርቀት በክር ሲለካ ሁልጊዜ ያንሳል፤ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ በዚህ ስኬል አይሳልምና።

ለልጆች አስቀድሞ መነገር ያለበት የቀለም ነገር ነው። አረንጓዴ ዝቅተኛ መሬትን እንጂ ልምላሜን አያመለክትም። ደናክል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ አረንጓዴ፣ የሰሜን ተራሮች ደግሞ ቡናማ ሆነው ይታያሉ። ይህ ካልተብራራ ልጁ አፋርን የደን አገር አድርጎ ይይዘዋል። ከተረዳው በኋላ ግን ስምጥ ሸለቆን በዓይኑ መከተል ይችላል፤ ለዚህ የስልክ ካርታ አይደርስበትም።

የስም ማውጫው ከ200,000 በላይ ቦታዎችን ይዟል፤ ከየስሙ አጠገብ የገጽ ቁጥርና ቦታው ካርታው ላይ ያለበት አራት ማዕዘን ፊደልና ቁጥር አለ። የኢትዮጵያ ከተሞች በላቲን የሚጻፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አንዱ ካልተገኘ ሌላውን መሞከር ነው፤ ለአዳማ «ናዝሬት» የሚለውንም ይፈልጉ።

ዕድሜው አሳሳቢ ነው። እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ በ2019 ስሟን የለወጠችው ሰሜን ሜቄዶንያ በቀድሞ ስሟ ነው ያለችው። የካዛክስታን ዋና ከተማ በ2019 ኑር ሱልጣን ተብላ በ2022 ወደ አስታና ስለተመለሰች አትላሱ የያዘው «አስታና» የሚለው ስም ዛሬም ትክክል ነው። የሕዳሴው ግድብ ሙሌት በ2020 ስለተጀመረ ሐይቁን በዛሬ ስፋቱ አይጠብቁ። 16ኛው እትም በ2023 ወጥቷል፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እሱን ይውሰዱ።

ያገለገለ ሌላ አትላስ ከቀረበልዎ ደቡብ ሱዳንን ይፈልጉ፤ ከሌለች እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት የታተመ ነው። ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ከተባለም ልኬቱ አሮጌ ነው፤ አዲሶቹ 4,550 ወይም 4,533 ይላሉ። መሐል ላይ ገልጠውም ጥራዙ የተሰፋ መሆኑን ይዩ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ገጾቹን ይለቃል፣ በደንብ ስለማይገለጥም እጥፋቱ ላይ ያሉትን ከተሞች ይውጣቸዋል።

ከውጭ በዘመድ የሚያስልኩ ከሆነ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ሩቡን ያህል ስለሚወስድ አስቀድመው ይንገሩ፤ ማዕዘኖቹ እንዳይታጠፉም በልብስ መሐል ይጋደም።