የፕሪንስ ዊልያም ፎረስት ፓርክ ካቢኖች፦ ኪራዩ ርካሽ፣ አንሶላው ከቤት

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ 35 ማይል ገደማ፣ አይ-95 ላይ በመውጫ 150 ሲወጡ የሚገኘው ይህ የቨርጂኒያ ፓርክ፣ በዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖር ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ ጫካ ውስጥ ለማደር ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ነው። ሆቴል ብላችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። ድንኳን መትከል የሰለቸው ሰው ግን ይወደዋል።

ካቢኖቹ በ1930ዎቹ የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦኤስኤስ የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሰላዮቹን እዚሁ አሠልጥኗል፤ ታሪክ የሚወዱ ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ነጠላ ካቢን የሚከራየው ካምፕ 3 ውስጥ ሲሆን መጠኑ ከአራት እስከ አሥር ሰው ይይዛል። ሁለት ቤተሰብ ትልቁን ተካፍሎ ሲከራይ ነው ዋጋው በእውነት የሚቀለው። ሌሎቹ ካምፖች በጅምላ ስለሚከራዩ ለማኅበርና ለሰንበት ትምህርት ቤት ይመቻሉ። ቦታ የሚያዘው በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ድረ ገጽ ነው፤ የበዓል ቅዳሜና እሑድ ከወራት በፊት ያልቃል።

ከኪራዩ ሌላ በመኪና 20 ዶላር የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ግን «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» የተባለውን ነጻ ፓስ በኢንተርኔት አውጥታችሁ፣ አትማችሁ ያዙ። መግቢያውን ያስቀርላችኋል፤ ኪራዩን አይነካም።

ካቢኑ ውስጥ አልጋ፣ ፍራሽና መብራት አለ። ወጥ ቤት፣ ውኃና መጸዳጃ የለም። መታጠቢያው የጋራ ስለሆነ ሕፃን ወይም አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ ካርታውን አይታችሁ ለእሱ የቀረበውን ካቢን ምረጡ። የነጠላ አልጋ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማና ለየሰዉ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ስለሌለ በሐምሌ ሌሊቱ ያፍናል፤ በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ ያዙ፣ ካልሆነም ግንቦትን ወይም መስከረምን ምረጡ።

ምግብ የሚበስለው ውጭ ነው። ለጥብስ የሚሆነውን ሥጋ ቤት ከትፋችሁ፣ አሽጋችሁ፣ በረዶ ባለበት ኩለር ውስጥ አስቀምጡ። እንጀራ በሙቀት ላብ ይዞ ስለሚሻግት ለሁለት ቀን ከሚበቃው በላይ አትጫኑ። ቡናም ቢሆን የሚቆላው ደጅ ነው። የተረፈው ምግብ ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍበት፤ ራኩን የፕላስቲክ ከረጢት አይበግረውም። የማገዶ እንጨት ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፤ ዛፍ የሚፈጁ ነፍሳት በእሱ ይዛመታሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው መዥገር ነው፤ ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። መዥገር የሚገድለው 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው መድኃኒት ልብስና ጫማ ላይ ብቻ ይረጫል፣ ቆዳ ላይ በፍጹም። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ማታ ማታ የልጆቹን ጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ ብብት፣ ወገብና የጉልበት ጀርባ ፈትሹ። የተጣበቀ ካገኛችሁ ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቫዝሊን መቀባትም ሆነ በእሳት መለብለብ አይበጅም፤ ጊዜ ያባክናል፣ ጊዜ ደግሞ ለበሽታው ነው የሚያግዘው። ብዙውን ጊዜ በሽታው የሚተላለፈው መዥገሩ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ ሲቆይ ስለሆነ የየዕለቱ ፍተሻ ትልቅ መከላከያ ነው። ቤት ስትመለሱ ደረቁን ልብስ በማድረቂያው ከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት።

የእግር መንገዱ በጠቅላላ 37 ማይል ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት የኳንቲኮ ጅረት ዳርና እስከ 1920 ድረስ ይሠራ የነበረው የፓይራይት ማዕድን ቦታ ይበቃል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ የሚወስደው አይ-95 ስለሚጨናነቅ ከቀትር በፊት ተነሡ። ጎረቤቱ የኳንቲኮ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ጦር ሰፈር ስለሆነ አልፎ አልፎ የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ ይሰማል፤ ከአገር ቤት የመጡ፣ ጦርነት ያዩ ወላጆች አብረዋችሁ ካሉ የልምምድ ድምፅ መሆኑን ሳይመሽ ንገሯቸው።