ሳልዘል አብሮኝ ለወረደው አሰልጣኜ

25ኛ ዝላዬን ባለፈው ቅዳሜ ጨረስኩ። በሁለት እግሬ ቆሜ አረፍኩ። ፓራሹቴን ሰብስቤ፣ አቅፌ ስመጣ አሰልጣኜ ከሩቅ ቆሞ ያጨበጭብልኝ ነበር። ይሄን ምስጋና ለመጻፍ የወሰንኩት ያኔ ነው። ስሜን አይጥሩ ብሎ አጥብቆ ስለለመነኝ አልጠራውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ግን ተደብቆ መቅረት የለበትም።

ዕድሜዬ 51 ነው። ልጆቼ አድገዋል። ከአውሮፕላን መዝለል የልጅነት ምኞቴ ነበር። አባቴ አየር ወለድ ወታደር ነበር። ልጆች ሳለን ከግቢያችን አጭር ግንብ ላይ አሰልፎ ያዘልለናል። «እግር ግጠሙ! ጉልበት አላሉ! አገጭ ወደ ደረት!» ይለናል። መሬት ስንነካ በጎን ተንከባለን እንነሳለን። ፓራሹት ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ ለእሱ ሁልጊዜ ጃንጥላ ነው። አንድ ቀን እኔም እዘላለሁ ስለው ይስቅና ፀጉሬን ይዳብሰኝ ነበር። ሳያየኝ አረፈ። ነፍሱን ይማር።

ሥራና ልጅ ማሳደግ ፋታ ሲሰጠኝ ተመዘገብኩ። አሁን ወደምናደድበት ነገር ልምጣ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የመሬት ላይ ትምህርቱን በግማሽ ቀን ጨረሱት። ስለ ማረፍ ያስተማሩን አሥር ደቂቃ አይሞላም። «አትጨነቂ፣ በሬዲዮ እንመራሻለን» አሉኝ። አመንኩ። በሁለተኛው ዝላዬ ፓራሹቱ በደህና ተከፈተ። ሬዲዮው «ወደ ግራ ዙሪ! ወደ ግራ!» አለኝ፣ ዞርኩ። ለካ የሚያናግሩት ከእኔ በታች ያለችውን ሌላ ተማሪ ነው። ነፋሱ ከኋላዬ ሆኖ እየገፋኝ በፍጥነት መሬት ላይ ወደቅኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ሰባት ሳምንት በክራንች ሄድኩ።

እሱስ ይሁን። አደጋ ለማንም ይደርሳል። ያላለቀልኝ ነገር ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። እግሬን ይዤ ሣሩ ላይ ተቀምጬ፣ ሰውየው በላዬ ቆሞ «በዚህ ዕድሜሽ ቤትሽ ብትቀመጪ ምን አለበት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ አላነሳኝም። ይሄን ስጽፍ እንኳን ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

እግሬ ሲድን ሌላ ቦታ ሞከርኩ። እዚያ አልጮሁብኝም። እንዲያውም በጣም ይስቁልኛል። ገና ስድስተኛ ዝላዬን ሳልዘል ግን የራስሽን ፓራሹት ግዢ ብለው ያዙኝ። የሚያምር ቀይና ነጭ ነበር። 135 ስኩዌር ጫማ ስፋት። «ቶሎ ትለምጂዋለሽ፣ ትልቅ ብትገዢ በኋላ ይቆጭሻል» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ቀብድ ከፈልኩ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ገንዘቤን መልሱልኝ ብል ስልኬን ማንሳት አቆሙ። ቀብዱን ተውኩት። ነገሩን ባይነግሩኝ ኖሮ ምን ልሆን እንደምችል ሳስብ ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

የነገረኝ ደግሞ እሱ ነው። አሰልጣኜ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ወደ አውሮፕላኑ አልወሰደኝም። ወንበር ሰጠኝና «የሆነውን ሁሉ ይንገሩኝ» አለኝ። ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል፣ ግን እስከ ዛሬ «እትዬ» እያለ በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ። ያለፈውን ሁሉ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲያርፉ እግርዎ ተገጥሞ ነበር ወይስ ተከፍቶ?» አላስታውስም አልኩት። «እንግዲያው ከእሱ እንጀምራ» አለ።

ወፍራም ፍራሽ አነጠፈና ከትንሽ ሳጥን ላይ ያዘልለኝ ጀመር። መጀመሪያ የእግር ፊት፣ ቀጥሎ ባት፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ከዚያ የጀርባ ጎን። አወዳደቁ ግጭቱን ለመላ ሰውነት ያካፍለዋል ማለት ነው። አሁንም አሁንም። በግራ፣ በቀኝ፣ ወደ ኋላ። «እግር ይግጠሙ፣ ጉልበት ያላሉ፣ እትዬ» ሲል እንባዬ መጣ። የአባቴ ቃል ነው። አሰልጣኜ ነገሩን አያውቅም፣ ያመመኝ መስሎት ደነገጠ። የግንቡን ታሪክ ስነግረው ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ስለ አባቴ ብዙ ጠየቀኝ። የዚያን ቀን ትምህርት በአባቴ ወሬ አለቀ።

ከዚያ ከጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ ቀበቶ አስሮ አንጠለጠለኝ። በቀኝ ደረቴ በኩል ቀይ እጀታ አለ፣ የተበላሸውን ዋና ፓራሹት የሚጥለው። በግራ በኩል ብርማ ብረት አለ፣ ተጠባባቂውን የሚከፍተው። «ቀዩን ይዩ፣ ይያዙ። ብርማውን ይዩ። ቀዩን ይሳቡ። ብርማውን ይሳቡ።» ስንት ጊዜ እንዳደረግነው ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ወሬ አስጀምሮኝ ድንገት «ተጠማዘዘ!» ብሎ ይጮኻል፣ እጄ መሄድ አለበት። እቤት ወጥ እያማሰልኩ ሁሉ እጄ ደረቴን ይፈልግ ጀመር። ያደረገውን የገባኝ በኋላ ነው። ሰማይ ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ እጅ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይሄ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ ያደርገው ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የማልረሳለት ሌላ ነገር ነው።

ከእሱ ጋር ሦስተኛ ዝላያችን ነበር። አውሮፕላኑ ወደ 13 ሺህ ጫማ፣ ማለትም ወደ 4 ሺህ ሜትር እየወጣ ነው። እንደ ልማዱ ሦስቴ ፈተሸኝ፦ ሳልለብስ፣ ሳልሳፈር፣ ሳልዘል። የእግር ቀበቶዎቼን፣ የደረቴን ቀበቶ፣ እጀታዎቹን፣ ከጀርባዬ ያለውን መዝጊያ ፒን። ሁሌም በጣቱ ይነካል፣ በዓይን ብቻ አያልፍም። በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ገባ። ከእኛ በፊት የነበሩት ዘለው ወጡ። «ዝግጁ ነዎት?» አለኝ።

አፌ አዎ አለ። እግሬ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቁርጭምጭሚቴ መሬት የነካበት ድምጽ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። የበሩን ጠርዝ የያዘው እጄ ነጭ ሆኗል።

ያየው እጄን ነው። ፊቴን እንኳን አላየም። ጣቶቼን ቀስ ብሎ አላቀቃቸውና ወደ ውስጥ ሳበኝ። ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብሎ «ዛሬ ከአውሮፕላኑ ጋር እንወርዳለን፣ እትዬ» አለኝ። ለምን አላለም። አይዞሽ እንኳን አላለም። በሩን ዘጋው።

ከዚያ ያደረገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወደ አብራሪው ሄዶ ተማሪ ይዘን እየወረድን ነው፣ ቀስ ብለህ ውረድ አለው። ምክንያቱን በኋላ አስረድቶኛል፣ ሙሉ በሙሉ ገባኝ አልልም። ከጀርባዬ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ዘላዩ ራሱን ስቶ ወይም ተዘናግቶ ወደ መሬት በፍጥነት ሲቀርብ ካየች ተጠባባቂውን በራሷ ትከፍታለች። የተማሪዎች ደግሞ በአነስተኛ ፍጥነት እንድትነሳ ተደርጋ ነው የምትስተካከለው። አውሮፕላኑ ተወርውሮ ቢወርድ ሰውየው እየወደቀ ነው ብላ እዚያው ውስጥ ልትከፍተው ትችላለች። ቀጥሎ የመቀመጫ ቀበቶዬን አሰረ። እጀታዎቼ በምንም እንዳይያዙ እጄን ደረቴ ላይ አስቀመጠና የራሱን እጅ ከላይ አደረገ። እስክናርፍ አላነሳውም። የዚያ እጅ ሙቀት አሁንም ይሰማኛል።

መሬት ስንደርስ ሰዎች ይጠብቁን ነበር። አንዱ «ምነው?» ሲል ገና አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ እንውረድ ያልኩት» አለ። በቃ። አንዲት ቃል አልጨመረም። አንዴ ሣር ላይ የተዋረደችውን ሴትዮ ቀና አደረጋት። ማታ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አለመዝለልም ትምህርት ነው፣ ዛሬ እሱን ነው ያለፉት» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ዘለልኩ። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር እየወረድኩ፣ አንድ ደቂቃ የማትሞላውን ያቺን ጊዜ አሰልጣኜ ከፊቴ ሆኖ ሲስቅልኝ አየሁት። 5,500 ጫማ ላይ ከፈትኩ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ፓራሹቱን አየሁት፤ አራት ማዕዘን ነው፣ ሙሉ ነው፣ ይታዘዘኛል። ነፋሱን ከፊቴ አድርጌ፣ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ስቤ፣ እግሬን ገጥሜ አረፍኩ። አባዬ ሆይ፣ ጃንጥላህ ይሄ ነው አልኩ በልቤ።

ስለ መሣሪያ ግዢም ልንገራችሁ፣ ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ያንን ባለ 135 ስኩዌር ጫማ ፓራሹት ስነግረው የአሰልጣኜ ፊት ተለወጠ። እስክርቢቶ አውጥቶ አሰላልኝ። ከነልብሴ፣ ከነመሣሪያዬ 175 ፓውንድ እመዝናለሁ። ለ135 ስናካፍለው ወደ 1.3 ይመጣል። ለእንደኔ ዓይነት ጀማሪ ከ1 ማለፍ የለበትም አለኝ። ፓራሹት ባነሰ ቁጥር ይፈጥናል፣ ስህተትንም ይቅር አይልም። ከሚጎዱት ሰዎች ብዙዎቹ ፓራሹታቸው እምቢ ብሎ አይደለም። በደህና የተከፈተ ፓራሹት ሥር ሆነው፣ መሬት አጠገብ በኃይል ሲዞሩ ነው። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እሱ ባለ 210 ስኩዌር ጫማውን እየተከራየሁ እንድቆይ አደረገኝ። በኋላ ያገለገለ ባለ 190 ስናገኝ አብሮኝ ሄደ። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ሻጩን የማያውቅ ባለሙያ ፈቶ እንዲያየው አስደረገ። ያ ባለሙያ ቦርሳውን ዘግቶ የሚይዘውን ቀጭን ገመድ በጣቱ ዳብሶ አሳየኝ፣ ጫፉ ተበልቶ ነበር። ይቺን የምታህል ክር! እሷ ሳይታሰብ ብትበጠስ ፓራሹቱ ያለ ሰዓቱ ሊከፈት ይችላል። ተቀየረች።

ሌላም። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር የመጀመሪያ ፈቃድ የሚሰጠው 25 ዝላይ ላይ ነው፣ እኛም የተከተልነው ያንን ነው። ልጄ «እማዬ፣ ካሜራ ራስሽ ላይ ግጠሚና ቪዲዮ ላኪልን» አለችኝ። አሰልጣኜን ስጠይቀው «200 ዝላይ ሲሞላዎት» አለኝ። ካሜራው የፓራሹቱን ገመድ ሊይዝ ይችላል፣ ሐሳብም ይከፍላል። ቪዲዮ የለኝም። አይቆጨኝም።

ወገኖቼ፣ ይሄን ስፖርት ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ፣ በተለይ አንድ ቦታ ተዋርዳችሁ የተመለሳችሁ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ሳታገኙ እንዳትዘሉ። የሚቸኩልባችሁን ተዉት። ዕቃ ለመሸጥ የሚጣደፈውን ተዉት። አለመዝለላችሁን የሚያከብር ሰው ፈልጉ። እኔ አግኝቻለሁና ጻፉልኝ፣ ያለ ስስት እሰጣችኋለሁ። ተማሪ የሚቀበለው ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ጠብቁት። ይጠበቃል።

እሱ ይሄን ገጽ አይከፍትም፣ ባለቤቱ ግን ታነብለታለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በዚያች በር ላይ እጄን ስላየህልኝ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ነፋሱ ከበረታ አንዘልም፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ሰማዩን እናያለን።