አሴፕራይት ለፒክስል ፖርትሬት፦ አስተያየት ከመጣ በኋላ ያለው የእርማት ሥራ

ስለ አሴፕራይት፣ ስለ ፒክስል ሥዕል መሥሪያው ፕሮግራም፣ ሲነሣ ቀድሞ የሚወደሰው አኒሜሽኑ ነው። ይህ ግምገማ የሚያየው ግን የማይንቀሳቀስ አንድ ሥራን ነው፤ በ64 በ64 ፒክስል ሸራ ላይ የተሠራ የሰው ፊት። ሌሎች ሰዓሊዎች ፊቱን አይተው «አገጩ ረዝሟል»፣ «ጥላው ጭቃ መስሏል»፣ «ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ቦታ አያዩም» ብለዋል እንበል። ከዚያ በኋላ ያለውን እርማት ፕሮግራሙ ምን ያህል ያቀለዋል? ቀለም ላይ ሲሆን የሚወዳደረው ፕሮግራም ጥቂት ነው። የብርሃንና የጥላን ልዩነት መፈተሽ ላይ ግን ያስቸግራል፤ ፖርትሬት ላይ ደግሞ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ትልቁ ጥንካሬው ኢንዴክስድ የሚባለው የቀለም ሞድ ነው። በአርጂቢ ሞድ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቀለም ይይዛል። በኢንዴክስድ ፒክስሉ የሚይዘው በፓሌቱ (በሥዕሉ ቀለሞች ዝርዝር) ላይ ያለውን ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ «የቆዳው ጥላ ግራጫ ሆኗል» የሚል አስተያየት ሲመጣ ፊቱን አንድም ቦታ ሳትነኩ የዚያን ቁጥር ቀለም ትለውጣላችሁ፤ ጥላው ያለበት ቦታ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ሦስት አራት አማራጭ በደቂቃ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ግራጫ ጥላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን የቆዳ ቀለም ወስዶ ድምቀቱን ብቻ በመቀነስ ነው። መነሻው በቀለም ክብ ላይ 25 ዲግሪ አካባቢ ካለ፣ ጥላውን ወደ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያም አልፎ ወደ ሐምራዊው ወገን ውሰዱት፤ ድምቀቱን ስትቀንሱ የቀለሙን ጥራት፣ ማለትም ከግራጫ የመራቁን መጠን፣ ትንሽ ጨምሩ። ብርሃን የሚያርፍበትን በተቃራኒው ወደ 40 ዲግሪ፣ ወደ ቢጫው አስጠጉትና ጥራቱን ቀንሱ። ለቆዳ አራት ደረጃ ይበቃል። ስድስት ሰባት ደረጃ ያለው ፊት በዚህ መጠን ሲታይ ልስልስ አይሆንም፣ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ስፋት ብቻ ነው።

ይህ ሞድ ሁለት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ቀለም መጋራት ነው። ቀለም ለመቆጠብ የፀጉሩን ብርሃን ከቆዳው ጥላ ጋር በአንድ ቁጥር ካሠራችሁ፣ ጥላውን ስታሞቁ ፀጉሩም አብሮ ይቀላል። አስተያየት እየተቀበላችሁ እስከሆነ ድረስ ቀለሞቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ በተለያየ ቁጥር አስቀምጧቸው፤ ማዋሐዱ ለመጨረሻ ይቆይ። ሁለተኛው ቁጥር 0 ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ቁጥር የሚያሳልፍ ቀለም ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ጥቁሩን እዚያ ያስቀመጠ ሰው የዓይኑ ብሌን ተበስቶ ዳራው በውስጡ ሲታይ ያገኘዋል። ቁጥር 0ን ባዶ ትታችሁ ከ1 ጀምሩ።

አስተያየት ሰጪዎች ብዙ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ራሱን ምስሉን አርመው ይልካሉ። ይህ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው አስተያየት ነው፣ ፋይሉ በጥንቃቄ ከተያዘ። በ400 ፐርሰንት ተለጥጦ ከመጣ ወደ 25 ፐርሰንት መልሱት፤ የመጠን ማስተካከያው ኒረስት ኔበር (የቅርቡን ፒክስል ቀለም እንዳለ የሚወስደው ስልት) መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ያልነበሩ መካከለኛ ቀለሞች ይፈጠራሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢንዴክስድ ፋይላችሁ አትለጥፉት። ፕሮግራሙ የመጣውን ቀለም ሁሉ በፓሌታችሁ ውስጥ ወዳለው የቅርብ ቀለም ስለሚቀይረው፣ አራሚው በጥንቃቄ የጨመረው አዲስ ቀለም ሳታዩት ይጠፋል። መጀመሪያ ለብቻው ከፍታችሁ ምን አዲስ ቀለም እንዳለ እዩ፣ የሚያስፈልገውን ወደ ፓሌታችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ በራሱ ሌየር (በሥዕሉ ላይ በሚደረብ ንብርብር) ላይ አስገቡት። ሌየሩን ስታበሩና ስታጠፉ ልዩነቱ ራሱን ያሳያል፤ ጉንጩ የጠበበው ስንት ፒክስል ነው? ቅንድቡ ወርዷል ወይስ ዓይኑ ወጥቷል? እርማቱን ገልብጦ መውሰድ ፊቱን የሌላ ሰው እጅ ያደርገዋል፤ መለኪያውን ወስዶ በራስ እጅ መሥራት ግን ያስተምራል።

ሁለት ሰዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲሉ፣ አንዱ «አፍንጫው ይጥራ»፣ ሌላው «አፍንጫው ላይ ጥላ ጨምር» ሲል፣ ሁለቱም የጠቆሙት ቦታ አንድ መሆኑን ልብ በሉ። የቦታው ጥቆማ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምሳሌ ችግሩ አፍንጫው ከጉንጩ ጋር እኩል ብርሃን መያዙ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ የሁለት ፒክስል ጥላ ሁለቱንም ቅሬታዎች ሊመልስ ይችላል።

የእርማት ቅደም ተከተል ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ቅርጽና መጠን፣ ቀጥሎ ብርሃንና ጥላ፣ ከዚያ ቀለም፣ በመጨረሻ ጠርዝ ማለስለስ። ዓይኑ ቦታውን ሳይዝ የለሰለሰ ጠርዝ ሁሉ እንደገና ይሠራል። ከፊት ለፊት ለሚታይ ፊት ጭንቅላቱ 40 ፒክስል ቁመት ካለው የዓይን መስመሩ ከላይ 20ኛው አካባቢ ይወድቃል። የጭንቅላቱ ስፋት 30 ከሆነ እያንዳንዱ ዓይን 6፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም 6 ነው። በከፊል ዞር ላለ ፊት የሩቁን ዓይን ወደ 4 አጥብቡት። ለረዘመ አገጭ ደግሞ ከከንፈር በታች ያለውን ክፍል በመምረጫው ይዞ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ አሴፕራይት ይህን በቀስት ቁልፎች ፒክስል በፒክስል ያደርገዋል። «ጭንቅላቱን ትንሽ አዘንብል» ለሚል አስተያየት ሮትስፕራይት የሚባለው የማዞሪያ ስልት ከተራው የተሻለ ነው። ቢሆንም በዚህ መጠን ዓይንና አፍ ሁልጊዜ ይሰባበራሉ፣ በእጅ ታድሰው መሣል አለባቸው።

ለማነጻጸር ፍሬሞቹን፣ ለአኒሜሽን የሚደረደሩትን ተከታታይ ሥዕሎች፣ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ዙር በአዲስ ፍሬም ላይ ብታስቀምጡ፣ በግራና ቀኝ ቀስት እየተመላለሳችሁ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ቦታ ላይ ታያላችሁ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይታይ የአንድ ፒክስል ለውጥ እንዲህ ሲሆን ይዘላል። ነገር ግን ሌየሩ ላይ የተያያዙ ሴሎች አማራጭ (የአንድ ሌየር ሥዕል በብዙ ፍሬሞች እንዲጋራ የሚያደርገው) በርቶ ከሆነ አዲሱን ስታርሙ አሮጌውም ይታረማል፣ መነሻችሁም ይጠፋል። የቀለም ለውጥ ከሆነ ደግሞ ፓሌቱ ለሁሉም ፍሬሞች ስለሚያገለግል ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በሌላ ስም የተቀመጠ ፋይል ያስፈልጋል።

የመስመር ሥራ ላይ ፒክስል ፐርፌክት የሚለውን አማራጭ ማብራት የማእዘን ድርብ ፒክስሎችን ያስቀራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በምትሥሉበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተሣለውን አይነካም። ሼዲንግ የሚለው ቀለም መቀቢያ ከፓሌቱ ላይ በቅደም ተከተል የመረጣችኋቸውን ቀለሞች ይወስድና፣ በነካችሁ ቁጥር ፒክስሉን አንድ ደረጃ ያጨልማል ወይም ያበራል። ግሩም መሣሪያ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። የፊቱን ጠርዝ ተከትሎ መሮጥ ስለሚያስመች ከጠርዝ ወደ መሀል እኩል የሚቀልል ጥላ ይፈጠራል፣ ፊቱም የብርሃኑ አቅጣጫ የማይታወቅ የተነፋ ነገር ይመስላል። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ከሆነ የግራው ግንባር ጠርዝ ጭራሽ ጥላ ላይኖረው ይችላል። በዚያ በኩል ጥቁሩን የጠርዝ መስመር በጠቆረ የቆዳ ቀለም ተኩት፤ ፊቱ ወዲያው ይከፈታል።

አሁን ወደ ድክመቱ። «ሁሉም ነገር እኩል ሆኗል፣ ዓይኑ አይወጣም» የሚል አስተያየት ፖርትሬት ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ መፈተሻውም ምስሉን ያለ ቀለም ማየት ነው። በቀለም ማስተካከያው ላይ የሚታየው የድምቀት ቁጥር አይበቃም፤ ቢጫና ሰማያዊ እኩል ቁጥር ይዘው ለዓይን ግን በጣም የተራራቁ ናቸው። በአርጂቢ ሞድ ከላይ አንድ ሌየር በጥቁር ሞልቶ፣ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበትን ዘዴ «ከለር» ማድረግ ሥራውን ያቃልላል። በኢንዴክስድ ሞድ ግን በሌየር ማዋሐጃዎች መተማመን አይቻልም፣ ስለዚህ ፋይሉን በየጊዜው አባዝቶ ቅጂውን ወደ ግሬይስኬል (ከጥቁር እስከ ነጭ ብቻ ወደሚያሳየው ሞድ) መቀየር ይሻላል። የፕሮግራሙ ምርጡ ሞድ ከዋናው መፈተሻ ጋር አለመስማማቱ ያሳዝናል። ሌላም አለ፤ ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት ወደ ኋላ የመመለሻው ታሪክ አብሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ቅጂ አስቀምጡ።

ለአስተያየት ስትልኩ ከኤክስፖርት መስኮቱ ሁለት ፋይል አውጡ፤ አንዱ በ100፣ ሌላው በ400 ፐርሰንት፣ ሁለቱም ፒኤንጂ። 150 ፐርሰንት አንዳንዱን ፒክስል ሰፊ፣ ሌላውን ጠባብ ያደርጋል፤ ጄፔግ ደግሞ በጠርዞቹ ዙሪያ ቆሻሻ ቀለም ይረጫል፣ ተመልካቹም ያልሠራችሁትን ስሕተት ያርማል። የሸራውን መጠን፣ የቀለም ብዛት ገደባችሁንና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። ስትሠሩ ደግሞ በኤፍ 7 የሚከፈተውን ቅድመ እይታ በትክክለኛው መጠን ክፍት አድርጉ፤ በ800 ፐርሰንት አጉልቶ ብቻ የሚሠራ ሰው ፊቱን ሳይሆን አራት ማእዘኖቹን ነው የሚያርመው።

ፕሮግራሙን ዴቪድ ካፔሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃዱ ሲቀየር ከቀድሞው ነፃ ኮድ ሊብረስፕራይት የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተገንጥሎ ወጣ። ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች እዚያም አሉ፤ በነፃ ለሚፈልግ ሰው፣ ለአንድ ፊት ሥራ በቂ ነው። የአሴፕራይት የሙከራ ቅጂ ማስቀመጥ አይፈቅድም። ከመግዛታችሁ በፊት ያለቀ ፖርትሬት ከፍታችሁ ወደ ኢንዴክስድ ቀይሩና የቆዳውን ጥላ በፓሌቱ ላይ አንቀሳቅሱ። አብሮ መንቀሳቀስ የሌለበት ነገር ከተንቀሳቀሰ፣ የሚታረመው ፓሌታችሁ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።